አንድ ጎራሹ ለምን ይከሽፍብኛል? የአንድ ጥያቄና የ24 መልሶች ታሪክ

ጥያቄውን በአንድ የመሣሪያ መወያያ መድረክ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ክሩ (ጥያቄዬና ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች) አሁን 24 መልስ ደርሷል። ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ከላይ እስከ ታች እንዳይንከራተት የተባለውን በየተራው ልተርክ። የመሣሪያዬን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስትደርሱበት ምክንያቱ ይገባችኋል።

በመነሻው ጽሑፌ እንዲህ ብዬ ነበር። መሣሪያዬ ከወገቡ የሚታጠፍ አንድ ጎራሽ ነው፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ማጠፊያው ላይ ያለችውን ፒን ገፍተው ሲያወጧት አፈሙዙ ይወጣል፣ በምትኩ ሌላ ይገባል። አንድ ገላ (መዶሻውና ምላጩ ያሉበት ክፍል) እና በሦስት ዓይነት ጥይት የሚሠሩ ሦስት አፈሙዞች አሉኝ፦ .22፣ .30-30 ዊንቸስተር እና .223 ሬሚንግተን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድም ቀን አስቸግረውኝ አያውቁም። .223ቱን ስገጥም ግን ከ20 ጥይት 5 ከሸፈ። መዶሻው ጠቅ ብሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ጸጥ። ከአምስቱ ሦስቱ በሁለተኛው ምት ተኮሱ። ሁለቱ ግን ጭራሽ እምቢ አሉ። ቀለሁ (ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ዕቃ) ቂጥ ላይ ባለችው ካፕሱል፣ ማለትም ስትመታ ባሩዱን በምታቀጣጥለው፣ መርፌው የተወው ምልክት ጥልቀት የለውም። ጥፍር ጫን ያደረገው ይመስላል። በመጨረሻ ጥይቶቹን የሞላኋቸው፣ ማለትም የተተኮሰ ቀለህ በአዲስ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር መልሼ ያዘጋጀኋቸው፣ ራሴ መሆኔን ጠቅሻለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ብዙም ሳላስብባት ነበር የጻፍኳት። መልሱ ያለው ግን እሷ ውስጥ ነበር።

1ኛው መልስ በጣም ትሁት ነበር። ሰላምታ ሰጥቶኝ ስለ መሣሪያው ምንም ሳይናገር በቀጥታ ወደ ጥንቃቄ ሄደ። ጥይት ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አለማድረግ ነው አለ። አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሱ ቢያንስ 30 ሰከንድ መቆየት። አንዳንዴ ካፕሱሏ ቀስ ብላ ትነድና ባሩዱ ዘግይቶ ይቀጣጠላል። ከወገቡ በሚታጠፍ መሣሪያ ይህ ከሌላው የከፋ ነው። ሰው ቸኩሎ ሲከፍተው የቀለሁ ቂጥ በቀጥታ ወደ ፊቱ ይዞራል፣ ከኋላ የሚይዘው ነገር የለም። በዚህ ላይ አንዳንዶቹ የቆዩ ዓይነቶች መዶሻቸው አንዴ ከወረደ ካልተከፈቱ ዳግም አይወጠሩም። ሁለተኛ ለመምታት የግድ መክፈት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ትዕግሥቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው እነሱ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን እኔ አምስት ሰከንድ እንኳ የቆየሁ አይመስለኝም። ይህን መልስ ካነበብኩ ወዲህ እየቆጠርኩ ነው የምጠብቀው።

2ኛው መልስ አንድ መስመር ናት። የመዶሻው ሞላ ደክሟል፣ ቀይረው፣ ተገላገል።

3ኛው ይህን አልተቀበለም። ገላው አንድ ነው፣ መዶሻው አንድ ነው፣ ሞላውም አንድ ነው። ሞላው ቢደክም ኖሮ .30-30ውም ይከሽፍ ነበር። ችግሩ አፈሙዝ ሲቀየር የሚመጣና አፈሙዝ ሲወጣ የሚሄድ ከሆነ ገላውን ትተህ ከአፈሙዙ ጋር የሚመጡትን ነገሮች ፈልግ አለ። አፈሙዙ የሚቀያየር መሣሪያ ያለው ሰው የምርመራ ዕቃው እጁ ላይ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ እየቀየረ ማየት ይችላል። አነጋገሩ ትንሽ ጎርበጥ ቢልም በዚህ ክር ከተጻፈው ሁሉ እኔን ወደ መስመር ያስገባኝ ይህ ነው።

በ4ኛው ሞላ ቀይር ያለኝ ሰውዬ ተመለሰ። ተናዷል። ሃያ ዓመት መሣሪያ እንደያዘ፣ ሞላ ቀይሮ ያልዳነ መሣሪያ እንዳላየ ጻፈ። ሁለት ዓይነት ካፕሱል በአንድ ሞላ ፊት እኩል እንደማይሆኑም ጨመረ። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ስህተት አይደለችም። ለ.30-30 የሚገባው ትልቁ ካፕሱል ነው፣ ለ.223 ትንሹ። የደከመ ሞላ አንዱን አስነስቶ ሌላውን ሊተው ይችላል። የተናገረበት ቁጣ ግን ነጥቡን ሸፈነበት።

5ኛዋ መላሽ መሣሪያ ጠጋኝ ናት። ከመቀያየር በፊት ምልክቱን አንብብ አለች። የከሸፈ ጥይት ሦስት ዓይነት ፊት አለው። አንደኛው ካፕሱሏ ላይ ምንም ምልክት የሌለበት ነው። ያኔ መርፌው አልደረሰም ማለት ነው፦ ወይ መሣሪያው በደንብ አልተቆለፈም፣ ወይ መርፌው ተሰብሯል፣ ወይ የትኛው መርፌ እንደሚመታ የምትወስነው መምረጫ የተሳሳተ ቦታ ናት። ሁለተኛው ጥልቅና ንጹህ ምልክት ያለው ነው። እዚያ መሣሪያው ሥራውን ሠርቷል፤ የሞተችው ካፕሱሏ ናት፣ ዘይት ወይም እርጥበት ገብቶባት ይሆናል። ሦስተኛው እንደ እኔው ጥልቀት የሌለው ምልክት ነው። ይህ ጉልበት መንገድ ላይ እንደባከነ ይናገራል። ጉልበቱ የት እንደባከነ መፈለግ ነው የቀረህ አለችኝ። ፎቶም ጠየቀች። አምስቱን ጎን ለጎን አሰልፌ አንስቼ ላክሁላት።

6ኛው ስለ መምረጫው አነሳ። .22 የሚመታው ጠርዙ ላይ ነው፣ ሌሎቹ መሃላቸው ላይ። ስለዚህ ሁለቱንም የሚቀበል ገላ ሁለት መርፌ አለው፣ መዶሻው ላይ ያለችው ትንሽ መምረጫ ደግሞ የትኛው እንደሚመታ ትወስናለች። መሃል ላይ ብትቀር መዶሻው ይወርዳል እንጂ የትኛውም መርፌ አይነካም። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ፎቶው ላይ ምልክቱ መሃል ለመሃል ስለሚታይ ወዲያው ተዘጋ።

7ኛው መልስ የመጣው ከአንድ አንጋፋ አዳኝ ነው። አንቱ ብለን ነው የምናወራቸው። በአንድ ክረምት ብርዱ አጥንት ሲገባ ጠመንጃቸው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከሸፈባቸው። ማታ ቤት ገብተው እሳት ዳር ሲሞክሩት ምንም አልሆነም። በማግስቱ ደጅ ሲወጡ እንደገና ያው። በመጨረሻ የመርፌውን ቤት ሲከፍቱ የድሮ ግራሶ እንደ ሰም ረግቶ አገኙት። መርፌው ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ነበር የሚሄደው አሉ። ከዚያ ወዲያ የመርፌውን ቤት አጥበው አድርቀው ይተዉታል እንጂ አይቀቡትም። እኔም ከፍቼ አጠብኩት። ጥቂት ጥቁር ዝቃጭ ወጣ፣ ችግሩ ግን አልተለወጠም።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው የዘይት ጦርነት ነው። አንዱ የሞተር ዘይት ይበቃል አለ፣ ሌላው ይህን ያለ ሰው መሣሪያ መያዝ የለበትም አለ። መድረኩን የሚመሩት ሰው በ10ኛው ገብተው ስለ ዘይት ሌላ ክር ክፈቱ ብለው ዘጉት።

11ኛው ሰው የሱ መሣሪያ የተለየ ዓይነት እንደሆነ ነገረን። የሱ መዶሻ መርፌውን በቀጥታ አይመታም። በመሃላቸው ምላጩ ሲሳብ ወደ ላይ የምትወጣ አስተላላፊ ብረት አለች፤ መዶሻው እሷን ይመታል፣ እሷ መርፌውን ትመታለች። ምላጩን ገና ሳይጨርስ የሚለቅ ሰው ብረቷ ቀድማ ትወርድበትና ምቱ ይሳሳል። እሱ ለሁለት ወር መሣሪያውን ሲረግም ከርሞ ጥፋቱ ጣቱ ላይ ነበር። ምላጩን ስቦ እስከ መጨረሻው መያዝ ሲጀምር መክሸፉ ቀረ። የኔ ገላ ይህች ብረት የላትም። ቢሆንም አስተላላፊ ብረት ያለው መሣሪያ የያዘ ሁሉ ከሞላው በፊት ጣቱን ይመርምር።

12ኛዋ ጥይት ለረጅም ጊዜ ስትሞላ የኖረች ሴት ናት። ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው ካፕሱሏ እስከ ታች ገብታለች ወይ የሚል ነው። ከቀለሁ ቂጥ ጋር እኩል ወይም በጣም በትንሹ ዝቅ ማለት አለባት። ከፍ ብላ ከቀረች የመጀመሪያው ምት እሷን ወደ ቦታዋ በማስገባት ያልቃል፣ ሁለተኛው ነው የሚተኩሳት። በሁለተኛው ምት መተኮስ የዚህ ዋና ምልክት ነው አለች። ሁለተኛው የካፕሱሉ ዓይነት ነው። ሁሉም እኩል አይጠነክሩም። ለምሳሌ ሲሲአይ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ቁጥር 41 ራሱን በራሱ ለሚያጎርስ የጦር መሣሪያ ታስቦ ሆን ተብሎ ደንደን ያለ ነው፤ ፌደራል የተባለው ፋብሪካ የሚሠራቸው ደግሞ በቀላሉ በመነሳት ይታወቃሉ። እኔ የምጠቀመው ተራውን ነው። ያልተተኮሱትን ጥይቶች አንድ በአንድ በጣቴ ጫፍ ዳሰስኳቸው፣ ቀጥ ያለ የብረት ጠርዝም አሳረፍኩባቸው። ከፍ ያለች አንዲትም አላገኘሁም።

13ኛው የኔ ነው። የ3ኛውን ምክር ተከትዬ አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ። አፈሙዙ ያው፣ ገላው ያው፣ ሞላው ያው። ጥይቱን ግን ከፋብሪካ የወጣ አደረግሁ። ከ10 ጥይት 10ሩም ተኮሱ። ምልክታቸውም ጥልቅ ነው። ከዚያ ራሴ ከሞላኋቸው 10 ተኮስኩ፤ 3 ከሸፉ። ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ከብዶኝ ነበር። ጣቱ ወደኔ መዞር ጀምሯል።

14ኛው የክሩ እምብርት ነው። የጻፈችው ያቺው ጠጋኝ ናት። ረጅም ነው፣ እኔም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጥይት ወደ ጥይት ቤቱ ሲገባ አንድ የሆነ ነገር ያቆመዋል። በ.22 እና በ.30-30 የሚያቆመው ከቂጡ ዙሪያ ወጣ ያለው ከንፈር ነው። ከንፈሩ አፈሙዙ ጠርዝ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ፊት መሄጃ የለውም። .223 ግን እንዲህ ያለ ከንፈር የለውም። የሚያቆመው ትከሻው ነው፣ ማለትም ቀለሁ ወደ አንገቱ መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ። ትከሻው ወደ ኋላ ከተገፋ ጥይቱ ከሚገባው በላይ ዘልቆ ይገባል። ቂጡና መርፌው ያለበት ግድግዳ ይራራቃሉ።

አሁን መዶሻው ሲወርድ ምን ይሆናል? መርፌው ካፕሱሏን ሲነካ ከኋላዋ የሚደግፍ ነገር የለም። ጥይቱ ወደ ፊት ይሸሻል። ጉልበቱ ካፕሱሏን በመጨፍለቅ ፈንታ ጥይቱን በመግፋት ያልቃል። በሁለተኛው ምት ጥይቱ ቀድሞ ሸሽቶ ትከሻው ስላረፈ ያገኘው ጉልበት ካፕሱሏ ላይ ይውላል፣ አንዳንዱም ይተኩሳል። ጭራሽ እምቢ ያሉት ሁለቱስ? የካፕሱሏ ውስጠኛ ቅመም በመጀመሪያው ደካማ ምት ይሰነጠቅና ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ጠንካራ ምት ቢያገኝም አይነሳም። ሁለቱ አፈሙዞች ለምን ጤነኛ እንደሆኑም በዚሁ ተመለሰ። ከንፈራቸው ነው ያዳናቸው።

አንድ ነገርም ጨመረች። ባለ ቃታ ጠመንጃ (መዝጊያው በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተሳበ የሚያጎርሰው) ይህን ጉድለት ይደብቃል። የቀለህ መሳቢያው ጥርስ ብዙ ጊዜ ጥይቱን ከኋላ አንቆ ስለሚይዘው የመርፌው ምት ያን ያህል አይገፋውም። ከወገቡ የሚታጠፍ መሣሪያ ላይ ግን ጥይቱ የሚቀመጠው እንዲሁ ልቅቅ ብሎ ነው። በዚህ ላይ እንዲህ ያለው ገላ ሲተኮስ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ቀለሁም ረዘም ብሎ ይወጣል። ዳግም ለመሞላት መቅረጫ በሚባለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ መልሶ ሲቀረጽ የሚገፋው ርቀት በዚያው ልክ ይበልጣል። የምትሞላው ለየትኛው መሣሪያ በተስተካከለ መቅረጫ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ሳነብ ፊቴ ጋለ።

15ኛው መላሽ ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ነው አለ። አፈሙዙን ሽጠህ ሌላ ግዛ፣ ሕይወት አጭር ናት ብሎ ሄደ። ያ አፈሙዝ ቢሸጥ ኖሮ እኔ አዲሱንም በዚያው በተበላሸ ጥይት እከሰው ነበር፤ የሸጥኩለትም ሰው በከንቱ ጤነኛ አፈሙዝ ይጠራጠር ነበር።

16ኛው ሰው ለመርዳት አስቦ አንድ ዘዴ አመጣ። ክፍተቱን ለመሙላት ከቀለሁ ቂጥ በስተኋላ ስስ ነገር መለጠፍ፣ ካልሆነም መቆለፊያውን ብረት በሞረድ ትንሽ ፋቅ አድርጎ ጠለቅ ብሎ እንዲቆልፍ ማድረግ።

17ኛው ላይ ነገሩ ተቀጣጠለ። መጀመሪያ ትሁት የነበረው የ1ኛው መልስ ባለቤት ነው የጻፈው፤ አሁን ግን ትህትናውን ትቶታል። የተለጠፈ ነገር ሲተኮስ ምን እንደሚሆን አታውቅም፣ ለማታውቀው ሰው ዓይን ዋስ አትሁን አለው። መቆለፊያውን መሞረድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እሱ ነው አፈሙዙንና ገላውን አንድ አድርጎ የሚይዘው። የጥይቱ ግፊት ሲመጣ የሚሸከመው እሱ ነው። አንዴ የተፋቀ ብረት አይመለስም። መቆለፊያው በእርግጥ ችግር ካለበት ለሙያተኛ ይሰጣል፣ አለቀ። 16ኛው ይቅርታ ብሎ ጽሑፉን አስተካክሏል። አስተካክሎም ቢሆን ያነበበ ሰው እንዳይሞክረው አደራ።

በዚህ ሙቀት መሃል 18ኛው ሰው ታሪክ ይዞ መጣ። ከርዕስ ወጥቷል፣ ግን አየሩን አበረደው። አፈሙዝ የሚቀያየርበትን አንድ ጎራሽ በሰፊው ያስተዋወቀው ዋረን ሴንተር የተባለው አሜሪካዊ ነው። ኮንቴንደር የሚባለው ሽጉጡ እ.ኤ.አ. በ1967 ሮቸስተር፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ከነበረው ከቶምሰን ሴንተር ኩባንያ ወጣ። በአንድ ገላ ላይ ከ.22 እስከ .45-70 ድረስ ይገጠምበት ነበር። ኋላ ላይ የመጣው ትልቁ ወንድሙ ኤንኮር ደግሞ ጠርዙ የሚመታ ጥይት አይቀበልም፣ የሁለቱም አፈሙዝ አይወራረስም። የብረት ምስል ተኩስ ውድድር ሲስፋፋ እንዲህ ያለው ሽጉጥ ተመራጭ ሆነ። የውድድሩ ዓለም አቀፍ ማህበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ኢላማዎቹ የእንስሳት ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ናቸው፦ ዶሮዋ 50 ሜትር፣ አሳማው 100፣ ቱርኪው 150፣ በጉ 200 ሜትር ላይ ይቆማል። እዚያ በጉ ፊት የከሸፈ ጥይት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ሁለት ሰዎች እዚያው ሥር ተነፈሱ።

19ኛው እንደገና የኔ ነው። ያደረግሁት ይህ ነው። አፈሙዙን ከገላው ነቀልኩ። አፈሙዙን ብቻውን ይዞ ጥይት ቤቱን ማየት መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ ከሌላ ጠመንጃ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም። ጥይት ቤቱን አጸዳሁት። ከፋብሪካው ጥይት ተተኩሶ የወጣውን ቀለህ፣ ያለ ካፕሱል፣ በጣቴ ገፍቼ አስገባሁት። ቀጥ ያለ ብረት በአፈሙዙ ቂጥ ላይ አጋደምኩ። የቀለሁ ቂጥ ከአፈሙዙ ጋር እኩል ነው፣ በመሃላቸው ብርሃን አያልፍም። ከዚያ እኔ ቀርጬ ያዘጋጀሁትን ባዶ ቀለህ አስገባሁ። ገና በዓይን ያስታውቃል። ሰጥሟል። ከብረቱ ሥር ፊለር (ክፍተት የሚለካበት ስስ የብረት ቅጠል) ሳስገባ የ0.30 ሚሊሜትሯ ሳትጨናነቅ አለፈች። ሁለተኛ ቀለህ፣ ያው። ሦስተኛ፣ ያው።

መቅረጫውንም ተናገርኩ። ፕሬሱ (መቅረጫው የሚታሰርበት መጫኛ) ላይ ያለው መቅረጫ የተስተካከለው ለጓደኛዬ ባለ ቃታ ጠመንጃ ነው። የሱንም የኔንም .223 በአንድ ቅንብር ነበር የምቀርጸው። የቀለህ መያዣውን እስኪነካ አውርጄ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምሬ አጠብቀዋለሁ። የሱ ጠመንጃ ምንም ብሎ አያውቅም። እኔም ቀለህ ቀለህ ነው ብዬ ተውኩት። መሣሪያውን ሳማው የከረምኩት እኔ፣ ስህተቱን በፕሬሱ ላይ በገዛ እጄ ሳጠብቅ ነው የኖርኩት።

20ኛው ለዚህ ኑዛዜ ርኅራኄ አልነበረውም። ትከሻና ከንፈር የማይለይ ሰው ባሩድ እንዳይነካ መከልከል አለበት አለኝ። ከዚህም የባሰ ቃል ነበረበት፣ አሁን ተሰርዟል። ሌሊቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው የቆረቆረኝ።

21ኛው መልስ የአንጋፋው አዳኝ ነበር። ልጁ በአደባባይ ቆሞ አጥፍቻለሁ ሲል እናንተ ብትሰድቡት፣ ነገ ሌላው ጥፋቱን ይደብቅና እጁን ያጣል አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ማንም አልተሳደበም።

22ኛዋ ያቺው ጥይት የምትሞላው ሴት ናት። ሁላችንም ስለ መክሸፍ ስንጨነቅ የባሰውን እንዳላየን ነገረችን። ትከሻው በየጊዜው የሚገፋ ቀለህ በየተኩሱ ወደ ፊት ይለጠጣል። የሚሳሳው ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ደጋግሞ ሲሳሳ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይበጠሳል፣ ጋዙም ወደ ኋላ ይፈነዳል። ከመሣሪያው በስተኋላ ያለው ደግሞ የተኳሹ ፊት ነው። ምልክቱ ከውጭ ዙሪያውን የሚያበራ መስመር ነው። ከውጭ ካልታየ ስስ ሽቦ ጫፉን አጥፈህ ወደ ውስጥ አስገባና ግድግዳውን ወደ ላይ ጎትት፤ ጉድጓድ ካለ ሽቦው እዚያ ይያዛል። ቀለሆችህ ስንት ጊዜ ተሞልተዋል ብላ ጠየቀችኝ። አራት ጊዜ። እንግዲያው ከመተኮስህ በፊት አንዱን ሰንጥቀህ እይ አለች።

23ኛው የኔ መልስ ነው፤ ስጽፈው ያየሁት ነገር ገና ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። ባዶ ቀለህ ወስጄ በሞርሳ አሰርኩ። በጥሩ ጥርስ ባለ የብረት መጋዝ ከአፉ እስከ ቂጡ ሰነጠቅሁት። ፍርፋሪውን በቡሩሽ አራግፌ ወደ መስኮት አዞርኩት። የግድግዳው ውፍረት ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየጨመረ ይሄዳል፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ከቂጡ ወደ አንድ ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ግን ድንገት ይጎደጉዳል። ጥፍሬን ሳንሸራትት እዚያ ላይ ቆመች። ከጉድጓዱ ማዶ የቀረው ብረት እንደ ወረቀት ነው። ከውጭ ይህ ቀለህ ፍጹም ጤነኛ ይመስል ነበር። ከዚያ ስብስብ የቀረውን ሁሉ፣ የተሞላውንም ባዶውንም፣ ከአገልግሎት አወጣሁ። የተሞሉትን አረራቸውን ነቅዬ ባሩዱን ለይቼ ነው ያፈረስኳቸው። ከመክሸፍ በላይ ያተረፍኩት ይህን ነው። ጥይቶቹ ባይከሽፉ ኖሮ አምስተኛ ጊዜ እሞላቸው ነበር።

መቅረጫውን በአዲስ ቀለህ እንደገና አስተካከልኩት። በፋብሪካ ጥይት ከራሴ አፈሙዝ ተኩሼ ያወጣሁትን ቀለህ ለካሁ፤ ትከሻው ላይ የሚቀመጥ ቀለበት ካሊፐሩ ላይ አስሬ። መቅረጫውን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ላይ ፈታሁት። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እያወረድኩ፣ ትከሻው ከተተኮሰው በ0.05 ሚሊሜትር ብቻ ዝቅ እስኪል ድረስ ቀረጽኩ። በየመሃሉ ካፕሱልም ባሩድም በሌለው ቀለህ መሣሪያውን ዘግቼ ሞከርኩ። ይህን ማድረግ ግዴታ ነው። ትከሻው በበቂ ሳይገፋ ቢቀር ተቃራኒው ችግር ይመጣል፦ መሣሪያው እስከ መጨረሻው አይቆለፍም። ባልተቆለፈ ገላ ላይ ደግሞ እንደ ዓይነቱ ወይ ምላጩ አይለቅም ወይ መዶሻው መርፌው ጋ አይደርስም። ያኔ ጠጋኟ በ5ኛው የጠቀሰችው ምንም ምልክት የሌለበት መክሸፍ ይመጣል። የጓደኛዬን ቀለህ በሌላ መቅረጫ ለይቻለሁ። ሳጥኖቹ ላይም በትልቁ ጽፌበታለሁ።

ውጤቱ? በአዲሱ ቅንብር 40 ሞላሁ፣ 40ም ተኮሰ። የአርባውንም ካፕሱል አየሁ። ምልክቱ ጥልቅ ነው፣ ጠርዙ ክብ ነው፣ መሃል ላይ ነው።

24ኛው የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ሞላ ቀይር ያለኝ ሰውዬ ነው። የተሰነጠቀውን ቀለህ ፎቶ አይቶ የራሱን ሳጥን እንደከፈተ ጻፈ። ሽቦ አጥፎ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሲጎትት በሦስት ቀለሆች ላይ ተይዞበታል። ሽቦው ምን ያህል መቅጠን እንዳለበትና ጫፉን በስንት ሚሊሜትር ማጠፍ እንደሚሻል ጠይቆኛል። የኔን ለክቼ ማታ እመልስለታለሁ።